ስትሄድ የነበረው ቀይ

ሰበታ፤ ኅዳር 27 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህና ለምናፍቅህ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጣሊያን አገር አሁን ብርዱ የሚገባበት ጊዜ ነው ሲሉ ሰማሁ። ደረትህንስ እንዴት ያደርግሃል? ሹራብ ሳትደርብ መውጣትህን ትተሃል ብዬ አስባለሁ፤ እዚያ የሚቆጣህ ሰው ካለ ማለቴ ነው። እኛ ቤት እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ደህና ነው። አባባ ጉልበታቸውን እያመማቸው እንኳ ሱቁን አንድ ቀን አልዘጉም። እናቴም ደህና ናት። እኔም እዚያው ስልክ ቤት ነኝ፤ የሰበታን ሰው ከአዲስ አበባ ሰው ሳገናኝ እውላለሁ።

ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጀምር ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ይላል። እኔ ደህንነቱን ነግሬህ ጨረስኩ፤ ናፍቆቱን ደግሞ ለብቻው ልጻፈው። ናፍቀኸኛል። ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል፤ ከቀትር በኋላ ሥራ ስለሚበዛ ትንሽ ይተወኛል።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ዕቃው በመርከብ መጫኑን ነግረኸኝ፣ ደቻሳ ይግጠምልሽ፣ መኪናዋ ስታልቅ ጻፊልኝ ብለህ ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ ለእሽቅድምድሙ እመጣለሁ የሚል አለበት። እኔ እሽቅድምድሙን ዘልዬ እመጣለሁ የሚለውን ብቻ ነው ያነበብኩት። ይኸው መኪናዋ አልቃለች፤ እንዳዘዝከኝም እየጻፍኩልህ ነው። ግን እንዴት እንዳለቀች ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ብዙ ነገር አምልጦሃል።

ሳጥኑ ለገሃር ደርሶ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሰበታ የገባው መስከረም ሲያልቅ ነው። ቁመቱ እኔን ያህላል። በላዩ ላይ የእኔ ስም በትልልቁ ተጽፎበታል። ባሕር ማዶ ያለ እጮኛ በልጅቷ ስም ሳጥን ላከ ሲባል ሰው ምን ያስባል? ጥሎሽ ነው አሉ። እኔ የመኪና ዕቃ ነው ብዬ ተናግሬ ነበር። እናቴ ሣቀችብኝ፤ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ለእጮኛው የመኪና አካል የሚልክ ሰው የለም፣ ሊያስደንቅሽ ፈልጎ ነው እንዲህ ያለሽ አለችኝ። እውነቱን ልንገርህና እሷ ደጋግማ ስትለው እኔም ትንሽ ትንሽ ማመን ጀምሬ ነበር። ቢያንስ ከሥር አንድ ቀሚስ አይጠፋም አልኩ።

የአባባ ደስታ ሌላ ነበር። አለሙ የሚባል የፋብሪካው ዕቃ ቤት ኃላፊ ሽማግሌ እየላከ ሲያስጠይቀኝ ከርሟል፤ ይህን ከዚህ በፊት አልጻፍኩልህም። አባባ ልጄ የሰው እጮኛ ናት እያሉ ይመልሷቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ እጮኛዋ ታዲያ የት አለ ሲሏቸው ግን መልስ ያጣሉ። አሁን መልሱ በሳጥን ታሽጎ መጣላቸው። በግ አሳረዱ። የንስሐ አባታችንን ጠሩ፤ ጎረቤቱን ጠሩ፤ አይተው ይረዱት ብለው የአለሙን ሽማግሌዎች ሳይቀር ጠሩ። ጥሎሽ በሰው ፊት ነው የሚከፈተው ብለውም፣ በየሰርጉ ጥሎሹን እያነሡ ለእድምተኛው የሚያሳዩትን አቶ ተሾመን አስመጡ።

አቶ ተሾመን ታውቃቸዋለህ፤ አንዲት መሐረብ አንሥተው የሐር ጣቃ የሚያስመስሉ ሰው ናቸው። ሳጥኑ ተፈለቀቀ። እጃቸውን ገለባው ውስጥ ሰደዱና ያንን ከጎማ በላይ የሚገጠመውን ሰፊውን የቀኝ ፓራፋንጎ መዘው ከራሳቸው በላይ አነሡት። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ተሾመ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የያዙት ነገር ምን እንደሆነ ግን አላወቁም። ገልብጠው አዩት። መልሰው ገለበጡት። እትዬ አትክልት ከኋላ ሆና የሕፃን መታጠቢያ ሳይሆን አይቀርም አለች፤ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ የለም፣ የፈረስ ውኃ መጠጫ ነው አሉ። ከዚያ ግራው ፓራፋንጎ ወጣ። አየር መሳቢያ ያለው ኮፈን ወጣ። ከፊት ከአገጯ ሥር የሚገባው ቅጥያ ወጣ። እልልታው የት እንደገባ እንጃ። እኔ ሣቄም ዕንባዬም እኩል መጡብኝ። ገለባውን እስከ ሥሩ በእጄ ፈተሽኩት፤ ቀሚስ አልነበረም። በሸራ ተጠቅልለው በሲባጎ የታሰሩ ሁለት ትንንሽ ጥቅሎች ብቻ ቀርተዋል። የመብራቶቹ መሸፈኛ ናቸው፣ እንዳይጫጫሩ መጨረሻ ላይ ይፈቱ ብለህ ጽፈህልኝ ስለነበር እንደታሰሩ አስቀመጥኳቸው።

እንግዳው በጉን በልቶ፣ እየተንሾካሾከ ወጣ። አባባ ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቀው ከፓራፋንጎው አጠገብ ቆሙ።

“ይኸ ልጅ የሚያገባው አንቺን ነው ወይስ መኪናዋን?” አሉኝ።

አባባ ጨካኝ ሰው እንዳልሆኑ ታውቃለህ፤ ያን ዕለት ግን በሰው ፊት ተዋርደው ነበር። መኪናዋ እስክታልቅ እታገሣለሁ አሉ። ስታልቅ እመጣለሁ ካለ ይምጣ፤ አልቃ ካልመጣ ለሽማግሌዎቹ ቃሌን እሰጣለሁ አሉ። እናቴ ልትለምን ስትነሣ በእጃቸው ከለከሏት።

ነገሬ ገብቶሃል? አንተም ስታልቅ አልክ፣ አባባም ስታልቅ አሉ። ቶሎ ካለቀች ቶሎ ትመጣልኛለህ፤ አልቃ ካልመጣህ ደግሞ ሁሉም ነገር አበቃ። እንድትፈጥንም እንድትዘገይም በአንድ አፌ እጸልይ ነበር። እግዚአብሔር የትኛውን እንደሚሰማ ግራ ሳይገባው አይቀርም።

መኪናዋን ቡራዩ ኦቦ ደቻሳ ግቢ ያደረስኳት እኔ ራሴ ነኝ። አትደንግጥ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ስትመጣ ላስደንቅህ ብዬ ደብቄህ ነበር። አለም ገና ሜዳ ላይ ስታስተምረኝ ፍሪሲዮኑን በለቀቅኩ ቁጥር ዓይንህን ትጨፍን ነበር፤ አሁን ቢሆን ከፍተህ ትቀመጣለህ። የሰበታ ሰው ግን ገና አልለመደኝም። ሴት ልጅ ያቺን ጣራ የሌላት ሁለት መቀመጫ መኪና ስትነዳ ሲያይ አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ባርኔጣውን ያነሣልኛል።

ኦቦ ደቻሳ መኪናዋ ስትገባ መጀመሪያ የሳሙት እሷን ነው፤ ቀጥሎ እኔን። ጣሊያኑ አለቃህ አገሩ ሲገባ የተጋጨችውን ትቶልህ፣ አንተና እሳቸው በዚያው ባሕር ዛፍ ሥር ከርማችሁ ያቃናችኋት መኪና ናት፤ ልጄ ነች ቢሉ አይፈረድባቸውም። ዕቃውን አንድ በአንድ በጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ ዳር ዳሩን በጣታቸው ዳበሱት። ላሜራ አይደለም፣ ፋይበር ነው፣ ቀላል ነው አሉ። ደስ ያላቸው ግን አይመስልም ነበር። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ተገጥሞ መታየት አለበት፤ ከሩቅ አገር በልኩ ተሠርቶ የመጣ አካል ሁልጊዜ በልኩ አይመጣም አሉኝ።

እንዳሉትም ሆነ። አሮጌዎቹን ፓራፋንጎዎች ፈተው አዲሶቹን ሲያስጠጉ፣ ግራው ከበሩ ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። የቡሎኖቹ ቀዳዳዎችም አልተገናኙም። በሞረድ እየላጉ፣ መልሰው እየሞከሩ፣ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ፣ የጎደለውን በስቱኮ እየሞሉ ብዙ ቀን ፈጁ። እኔ ከሥራ በወጣሁ ቁጥር በአውቶቡስ እየሄድኩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ስቱኮው ሲደርቅ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየነከርኩ አለሰልስላቸዋለሁ። ጥፍሬ አልቋል። ስልክ ቤት ጓደኞቼ ያቺ ደግሞ ግንበኛ ሆነች እንዴ እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ግን እዚያ ስቀመጥ አንተ ካለህበት ቦታ ትንሽ የቀረብኩ ይመስለኝ ነበር። አንተ የነካኸውን ነገር ነው የምዳስሰው ብዬ። የእያንዳንዱን ዕቃ አስተሻሸግ አይቼ ምን ያህል ብትጠነቀቅልኝ ነው እል ነበር፤ ሲባጎው ሁሉ በሥርዓት ዞሮ፣ በትንሽ ቆንጆ ቋጠሮ ታስሮ።

ቀለሙ ላይ ስንደርስ ኦቦ ደቻሳ ጠሩኝ። አሮጌውን ኮፈን ገልብጠው ሆዱን አሳዩኝ፤ ከዚያ የመኪናዋን በር ከፍተው ፀሐይ የማይደርስበትን ውስጡን አሳዩኝ። እዚያ ያለው ቀይ አዲስ የተፈጨ በርበሬ ነው። ውጪው ግን በአባባ መጋዘን ዳስ ሥር ስትቆም የማታ ፀሐይ እየመታት ገርጥቷል፤ በየቀኑ ሳያት ስለኖርኩ አላስተዋልኩትም ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ ደነገጥኩ።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የትኛውን ቀይ ላድርግልሽ?” አሉኝ። “ሲሄድ የነበረውን ወይስ አሁን ያለውን?”

አሁን ያለውን ካልኩ ቀለሙን አገርጥተው ይበጠብጡታል፤ አዲሶቹን ብቻ ቀብተው በሳምንቱ ይጨርሳሉ። ሲሄድ የነበረውን ካልኩ ግን መኪናዋ በሙሉ ተገሽልጣ እንደገና መቀባት አለባት፤ አለዚያ ፊቷ ሌላ ወገቧ ሌላ ይሆናል። እኔ ጊዜ አልፈጀብኝም። ስትሄድ የነበረውን አልኳቸው። ከመርከብ ወርደህ ስታያት ብዙ የቆየህ እንዳይመስልህ ፈልጌ ነው። የነገርኳቸው ግን ይህን አይደለም፤ አዲስ ቀይ ይሻላል ብቻ አልኩ። ኦቦ ደቻሳም አንገታቸውን ነቀነቁና የብርጭቆ ወረቀቱን አንሥተው መገሽለጥ ጀመሩ።

ይህ ሁሉ ሥራውን አራዘመው፤ አልዋሽህም፣ መራዘሙ አስደስቶኛል። ኦቦ ደቻሳ ነፋስ ካለ ቀለም አይነፉም። የቡራዩ ነፋስ ደግሞ በጥቅምት የሚሆነውን ታውቃለህ። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ግቢውን በውኃ ያርሱታል፣ አቧራው ሲተኛ መኪናዋን በአንሶላ ጋርደው መንፋት ይጀምራሉ፣ ነፋሱ ሲነሣ ያቆማሉ። የቀረው ቀን የቡራዩን አህዮችና ፍየሎች ከእርጥብ ቀለም ሲያባርሩ ይውላል። አንዲት ንብ ኮፈኑ ላይ ተለጥፋ ስትቀር ሙሉ ጀርባውን እንደገና አለስልሰው ቀቡት። ኦቦ ደቻሳ ምን ቸኮለ ይሉኝና፣ ኧረ ምንም አልቸኮለ እላቸዋለሁ። አባባ ማታ ማታ ምን ደረሰ ብለው ሲጠይቁኝ ገና ነው እላለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ግን አለቀ። ፓራፋንጎዎቹ ገጠሙ፤ ኮፈኑ ገጠመ፤ ከአገጯ ሥር ያለው ቅጥያ ገጠመ፤ በሩ ሲዘጋ ድሮ የነበረው የቆርቆሮ ድምፅ ጠፍቷል። ብታያት። ሰፋ ብላ፣ ዝቅ ብላ፣ ልትዘል እንደተዘጋጀች ሆና ቆማለች። ቀለሟ ትናንት የሄድክ ያስመስላል። ዙሪያዋን ዞሬ ሳበቃ ውስጧ ገብቼ በአንተ መቀመጫ ተቀመጥኩ፤ መምጣትህን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግጥ አመንኩ። በሐሳቤ ለገሃር ድረስ ሄጄ ተቀበልኩህ።

ኦቦ ደቻሳ የመብራቶቹን መሸፈኛ አምጪ አሉኝ። ሸራውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ቋጠሮው እንዳይበላሽ ብዬ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ከሸራው ውስጥ ሌላ ጨርቅ ነበረ፣ ለስላሳ፣ የመብራቶቹን መሸፈኛ ፕላስቲክ ዙሪያውን የጠቀለለ። አንደኛው የጥጥ የሕፃን ሸሚዝ ነው፤ እጅጌው አውራ ጣቴን ያህላል። ሌላው ትንሽ ነጠላ ነው፣ የሕፃን መታቀፊያ። ሸሚዙ ታጥቦም ቢሆን አንገቱ ጋ ወተት የደረቀበት ቦታ አለ።

ጣሊያኖች ቤት ያገኘኸው አሮጌ ጨርቅ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ነጠላ ግን ጣሊያን አገር አይሸመንም። ጥጉን ገልብጬ አየሁት፤ በሰማያዊ ክር የተጠለፈች ትንሽ መስቀል አለችበት። እናትህ ለሰው በሚሰጡት ነጠላ ላይ ሁሉ የሚያደርጓት ናት። ባለፈው ዓመት ለእኔ የሰጡኝ ላይም አለች፤ ያን ጊዜም ትከሻዬ ላይ ነበረች።

ኦቦ ደቻሳ አላዩኝም፤ ፕላስቲኩን ተቀብለው ወደ መብራቱ ጎንበስ ብለው ነበር። ሲጨርሱ እጃቸውን ጠርገው፣ በይ እንግዲህ ጻፊለት፣ አለቀች በይው አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ገለቶሚ ስላቸው ሁልጊዜ አነጋገሬ ያስቃቸዋል፤ ሐሙስም ሣቁ። እኔ ቁልፉን አንሥቼ ወጣሁ። አለም ገና ስደርስ መንገድ ዳር አቆምኩና አለቀስኩ። ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ ስለዚያ አልጽፍም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሱሉልታ ነዳሁ። ለምን እንደሄድኩ ብትጠይቀኝ አላውቅም። እናትህን አፋጥጬ ልጠይቃቸው ይሆናል። እኔ በየበዓሉ እየሄድኩ፣ እሳቸው እቅፍ አድርገው እየሳሙኝ፣ አንድም ቀን ሳይነግሩኝ እንዴት ኖሩ ብዬ በጣም ተናድጄ ነበር። እንጦጦን ስወጣ ሞተሩ ምንም አልከበደውም። ከላይ ሆኜ የሱሉልታን ሜዳ ሳየው አዝመራው ገና አልታጨደም፤ አንተ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ታቆምና ያ የእኛ ነው እያልክ በጣትህ ታሳየኝ ነበር። እኔም አቆምኩ። ከዚያ ቁልቁል ወረድኩ።

እናትህ ድምፁን ሰምተው ከጓሮ ወጡ። አንተ የመጣህ መስሏቸው ሮጠው ነበር፤ እኔን ሲያዩ ግን አልከፋቸውም። አከም ጅርታ እያሉ ጉንጬን፣ ግንባሬን ሳሙኝ። አባትህ ኦቦ ነገሳ ማሳ ነበሩ። ቤት ገብተን ተቀመጥን። የመጣሁበትን መናገር ሲያቅተኝ ነጠላዋን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ተናድጄ ስጠብቅ እናትህ ፈገግ አሉ። አነሧት፤ ጥጓን አዩ፤ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አሸተቷት። ደርሶላቸው ነበር ማለት ነው አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ እጄን ያዙ።

“ልጄ፣ ነግሬያታለሁ ብሎ ደብዳቤ ሲልክልኝ ከእንግዲህ ደጄን አትረግጥም ብዬ አልቅሼ ነበር” አሉኝ። “አንቺ ግን ለፋሲካ መጣሽ። ለመስቀልም መጣሽ። አንድ ቀን ክፉ ቃል ከአፍሽ አልወጣም። ስሙን እንኳ በደግ ነው የምታነሺው። እኔም አፍሬ አንሥቼብሽ አላውቅም። እንዲህ ያለ ልብ ማን ሰጠሽ?”

ነግሬያታለሁ ብለህ ጽፈህላቸዋል። እሳቸውም አምነውሃል። ያ ሁሉ ጊዜ እኔ ምራታቸው እሆናለሁ ብዬ ዶሮ ይዤ ስሄድ፣ እሳቸው ይቅር ያለች ልጅ መጣች እያሉ ሲቀበሉኝ ኖረዋል። የምናደድበት ሰው ጠፋኝ።

ምን ልበላቸው? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ዓይናቸውን አየሁት። እርስዎን ትቼ የት እሄዳለሁ አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። እሱ የሠራውን እሱ ያውቃል፣ አንቺ ግን የእኔው ልጅ ነሽ አሉኝ። ከዚያ በኋላማ ያጠራቀሙትን ሁሉ ነገሩኝ። ወንድ መሆኑን፣ መራመድ መጀመሩን፣ ግንባሩ የኦቦ ነገሳ መሆኑን፣ ለጥምቀት ከነእናቱ ልታሳያቸው እንደምታመጣው። ፎቶግራፉን ከሳጥናቸው አውጥተው አሳዩኝ። ቆንጆ ልጅ ነው። እሷም ቆንጆ ናት። አንተ ከስተሃል።

መኪናዋን እዚያው ተውኳት፤ አባትህ በሬዎቹን አስወጥተው በረቱን ለቀውላታል። ቁልፉ እናትህ ዘንድ ነው። እኔ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

አሁን ልብ በልና አንብብ። ቀለሙ እስኪጠና ድረስ በሳሙና አትታጠብ፤ በንጹሕ ውኃ ብቻ። ከፊት ዝቅ ስላለች ድንጋይ ላይ አትዳፈር፣ የግቢያችሁ መግቢያ ላይ ያለውን ድንጋይ አስነሥቼዋለሁ። የግራው በር ትንሽ ጠበቅ ይላል፤ አትገፍትረው፣ ከፍ አድርገህ ሳበው። መቀመጫዋ ሁለት ነው፤ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ስለሚሆን ከእንጦጦ ስትወርድ ቀስ በል። አንተ ቁልቁለት ላይ አመል አለብህ። ሸሚዙንና ነጠላዋን አጥቤ እናትህ ጋ ትቻቸዋለሁ። ሲባጎውን ያሰረችውንም አመስግንልኝ፤ ከዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ጭረት አልነበረባቸውም።

አባባ ትናንት መኪናዋ የት ደረሰች ብለው ጠየቁኝ። አለቀች አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ። አለሙን በመልኩ ብዙ አላውቀውም፣ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ፤ ከፋብሪካው ሲደውል ካገናኘሁት በኋላ እግዜር ይስጥልኝ ሳይል ተናግሮ አያውቅም። እናቴ ቤቱን እያጸዳች ነው። እኔም ልረዳት ስለሆነ ልጨርስ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ለጥምቀት ስትመጣ ለእናትህ እውነቱን ልንገር ብለህ አንዳች ነገር እንዳታነሣ። እኔ ከማወቅ አልፌ ይቅር ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እሳቸው እንዲህ ነው የሚያውቁኝ፣ አንተም እንዲህ ነው የነገርካቸው። እንግዲህ እንዲሁ ይሁን። ነግረኸኛል። በፋሲካ ሳልሄድ በፊት ነግረኸኛል፤ አልቅሼ፣ ተነሥቼ፣ ዶሮዬን ይዤ ሄጃለሁ።

ባሕሩን ጸጥ ያድርግላችሁ። ልጁን ያሳድግልህ፤ ለአያቶቹ ዓይን ያብቃው። ደረትህን ከብርድ ጠብቅ።

የእናትህ ልጅ